እህቴን አማክራችሁ እኔን ስለተዋችሁበት የአውቶቡስ መተግበሪያ

ለተከበሩ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት የዲጂታል አገልግሎት ዋና ኃላፊ
ሰባተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሰፊ ነው በሚባለው ቢሮዎ

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ ጤናዎ ተሟልቶ፣ እንቅልፍዎ ሰላም ሆኖ፣ ወገብዎም ከወንበርዎ ጋር ተስማምቶ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ከሁሉም በላይ ዓይንዎን ያቆይልዎ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ እርስዎ ያሠሩትን መተግበሪያ ያለ ዓይን መጠቀም ምን እንደሚመስል ስለማውቀው፣ ለጠላቴ የማልመኘውን ለእርስዎ እንዴት ብዬ እመኛለሁ?

ማንነቴን ላስታውስዎ። በድርጅትዎ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሃያ ሁለት ዓመት የመረጃ ስልክ ኦፕሬተር የነበርሁት ዓይነ ስውር ሴት ነኝ። የጆሮ ማዳመጫዬ ስፖንጅ ተበጣጥሶ ቢያልቅ፣ አዲስ እስኪመጣልኝ አራት ዓመት ስለጠበቅሁ የካልሲ ጨርቅ ሰፍቼበት እሠራ ነበር። ስልሳ ሦስቱን መስመሮች ከነፌርማታቸው፣ በመሄጃቸውም በመመለሻቸውም፣ በቃሌ እወጣቸው ነበር። ሰው ደውሎ «ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ፣ አክስቴ ጋ ለመሄድ የቱን ልያዝ?» ሲለኝ የትኛው ዳቦ ቤት እንደሆነ ከጀርባው ከሚሰማው ጫጫታ እለይ ነበር። የአክስቲቱን ሰፈር ብቻ ነው የምጠይቀው።

ከዕለታት አንድ ቀን ክፍሏ ተዘጋች፤ በምትኳም «ለሁሉም» የተባለው መተግበሪያ እንደሚመጣ ተነገረን። እኔም ያለ ዕድሜዬ በክብር ተሸኘሁ። ለማስታወሻ የግድግዳ ሰዓት ተበረከተልኝ፤ ሲመታ እንኳ የማይሰማ። ስለ ስጦታው በወቅቱ አላመሰገንኋችሁም፤ አሁን አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልመን። ይህ የቅናት ደብዳቤ ነው። ሰዎች ለአለቃ ሲጽፉ «ለሕዝብ ጥቅም በማሰብ» ይላሉ። የእኔን ጣቶች በቁልፍ ሰሌዳው ላይ ያሳረፋቸው ግን መጀመሪያ ቅናት ነው፤ የሕዝቡ ጥቅም፣ እንደ አውቶቡሶቻችሁ፣ ዘግይቶ ነው የደረሰው። የቀናሁትም በባዳ ላይ አይደለም፤ በእናቴ ልጅ፣ በታናሽ እህቴ ላይ ነው።

የአምስት ዓመት ታናሼ ናት። እኔ ከተወለድሁ ጀምሮ አላይም፤ እሷ ግን እስከ አሥራ ስድስት ዓመቷ ታይ ነበር። ያው የቤተሰባችን በሽታ ቀስ እያለ መጥቶ ወሰደባት። ያን ጊዜ በትር አያያዝ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ከእናታችን ደጃፍ እስከ ዋናው መንገድ ክንዷን ይዤ፣ «ግድግዳውን አትደገፊው፣ አዳምጪው» እያልሁ ሁለት ክረምት አመላልሻታለሁ። ዛሬ የቋንቋ መምህርት ናት። ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ቆንጆ ናት ይላሉ ያዩዋት፤ ይህን እንኳ በራሴ ማጣራት አልቻልሁም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን ለክብርዎ እንደሚገባ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ «ለመተግበሪያችን ማየት የተሳነው አማካሪ እንፈልጋለን» ብላችሁ በሬዲዮ ባስነገራችሁ ማግስት፣ አሥራ አራት ገጽ በብሬይል ጽፌ ላክሁላችሁ። ዓይነ ስውር ሰው ጣቱን በስልኩ ላይ ሲያንሸራትት አንባቢው ድምፅ የነካውን ሁሉ በስሙ እንደሚጠራለት፣ ስለዚህም ለእኛ ስም የሌለው ነገር የሌለ ነገር እንደሆነ፣ በጣት የሚደረስበት ነገር ሁሉ በአንድ እጅ እንዲደረስበት ያስፈለገው ሌላው እጃችን በትር ስለሚይዝ እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ዘርዝሬ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ፖስታው ተመለሰ። የተያያዘችውን ማስታወሻ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡት ልብስ ሰፊ፣ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡልኝ። «የላኩልን አሥራ አራት ወረቀቶች ባዶ ሆነው ስለተገኙ፣ ጽሑፍ ያለባቸውን መልሰው እንዲልኩልን በትሕትና እናሳስባለን» ትላለች። ዓይነ ስውራንን ሊያማክር ከተሰበሰበ ኮሚቴ መካከል ወረቀቱን በጣቱ ዳበስ ያደረገ አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም ማለት ነው። ስለ ትሕትናችሁ አመሰግናለሁ። ወረቀቶቹንም በጥንቃቄ ስለያዛችሁልኝ እንዲሁ፤ አንዲት ነጥብ አልተደፈጠጠችም። ማን ነክቷት?

ሁለተኛ፦ በሁለተኛው ወር እህቴ ቤቴ መጣች። ገና በበሩ ስትገባ ደረቷ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኋት።

«ባጅ ነው፣ እትዬ። የአውቶቡስ ድርጅት አማካሪ አድርጎ መረጠኝ።»

እንኳን ደስ ያለሽ አልኋት። ያለው አፌ ነው። ድንች እየላጥሁ ነበርና እጄ እየከበደ፣ ልጣጩ እየወፈረ ሄዶ ከአራት ድንች ለአንድ ሰው የሚበቃ ሳይተርፍ ቀረ። እሷም ወንበር ስባ ተቀመጠችና «አንቺ ብትሆኚ ምን ትያቸዋለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሞኟ፣ የአሥራ አራቱን ገጽ ሐሳብ በአንድ ቢላዋና በአንድ ሳህን ድንች መካከል ዘርግፌ ነገርኋት። ጽፌ እንደነበርና ባዶ ተብሎ እንደተመለሰልኝ ግን ትንፍሽ አላልሁም። ኩራት የሚሉት በሽታ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት በሬዲዮ ቀረበች። «ለእኛ ስም የሌለው ነገር የሌለ ነገር ነው» አለች። የእኔው ዓረፍተ ነገር፣ ልጣጩ እንኳ ሳይነሳለት። ሬዲዮውን ዘጋሁት። ምናልባት ታነሳኝ ይሆናል ብዬ ደግሞ መልሼ ከፈትሁት። ጋዜጠኛው ስለ ቤተሰቧ ሲጠይቃት «ታላቅ እህቴም እንደኔው ናት፤ እሷ ግን ገና የድሮውን ስልክ ነው የምትወደው» ብላ ሳቀች። ስቱዲዮውም አብሯት ሳቀ። ክቡርነትዎ፣ አንጀት ሲያርር ሽታ እንዳለው ያን ቀን አወቅሁ። ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። እኔ ነበርሁ፣ እኔ ቀብሬያለሁ፤ የምታወራው ግን እሷ ሆነች። እንዲህ ያለ የድምፅ ምርጫ ስላደረጋችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ሦስተኛ፦ መተግበሪያው የወጣ ዕለት ስልኬ ላይ አስጫንሁት። ለምን ብዬ እንደሆነ አልዋሽዎትም፤ መጥፎ ሆኖ ላገኘው ተመኝቼ ነው። ምኞቴ በዚህ ፍጥነት ተፈጽሞልኝ አያውቅም። ጣቴን ሳሳርፍ አንባቢው «አዝራር» አለ። ወደ ቀኝ ሳንሸራትት «አዝራር»። ዝቅ ስል «አዝራር»። አርባ አንድ ቆጠርሁ። የቱ ፌርማታ መፈለጊያ፣ የቱ መመለሻ፣ የቱ እርዳታ መጥሪያ እንደሆነ የሚናገር የለም። አርባ አንድ በር ያለው፣ በአንዱም ላይ ምንም ያልተጻፈበት ኮሪደር በሉት። አንዱን በድፍረት ብነካው «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ፤ ደረጃ የሚታይባቸውን ሥዕሎች ይምረጡ» አለኝ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ሰው ሳልሆን ቀረሁ። በልብስ ሰፊው እርዳታ ሰው ከሆንሁ በኋላ መንገድ መምረጫው ላይ ደረስሁ፤ እዚያ ደግሞ የተሰጠኝ ሠላሳ ሰከንድ ኖሮ፣ አንባቢው የሁለተኛውን ፌርማታ ስም ሳይጨርስ ጊዜዬ አልቆ ወደ መጀመሪያው ተወረወርሁ። መወርወሬን ያበሰረኝም ከአንባቢው ድምፅ በላይ የሚያምባርቀው የድርጅቱ መዝሙር ነው።

ልብስ ሰፊው በአንድ ዓይናቸው ደህና አድርገው፣ በሌላው በመጠኑ ያያሉ። «አምጪው እስቲ፣ እኔ ላንብብልሽ» ብለው ስልኩን ወሰዱና ጥቂት ቆይተው፣ «አይ፣ ይሄስ በወተት ላይ በጉም የተጻፈ ነው» ብለው መለሱልኝ። ፊደሉን ላተልቀው ቢሉ፣ ፊደሉ ሲያድግ ግማሹ ከስክሪኑ ወጥቶ ጠፋ። «ለሁሉም» የሚለው ስሙ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው ልል ነበር። ከእኛ የሚያወጣው ዓይን ስለሌለ ተውሁት።

ደስታዬን ለማን ላካፍል? ለእህቴ ደወልሁ። «እትዬ፣ በሚቀጥለው ማሻሻያ ይስተካከላል ብለውኛል» አለችኝ። ማሻሻያው መጣ፤ መዝሙሩ ረዘመ። ሁለተኛው መጣ፤ የአዝራሮቹ ቀለም ተቀየረ አሉን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው አርባ አንዱም ያለ ስማቸው እንደጸኑ እስከ ስምንተኛው ማሻሻያ ተጓዝን። እኔም በየማሻሻያው ማግስት ስልኬን አንስቼ «እንዴት ነው፣ ተስተካከለ?» ማለቴን አልተውሁም። የመጨረሻው ጊዜ ላይ ምላሴ አመለጠኝ።

«አንቺን እኮ የወሰዱሽ እንደ አበባ ማስቀመጫ ነው» አልኋት። «ጠረጴዛ ላይ ደምቀሽ እንድትታዪ እንጂ እንድትናገሪ ማን ፈልጎሽ።»

«አንቺን ቢያስቀምጡሽ ኖሮ ግን ደስ ይልሽ ነበር፤ አይደል?» አለችና ዘጋችው።

እውነቷን ነበር። ስድስት ሳምንት ሳልደውልላት የቀረሁትም እውነቷን ስለሆነ ነው።

አራተኛ፦ ስለዚህኛው በአጭሩ ልጽፍ አስቤ አልቻልሁም። የመተግበሪያውን አንደኛ ዓመት እንግዶች ጠርታችሁ ስታከብሩ፣ እህቴ ከትምህርት ቤቷ ተነሥታ ያለማንም እርዳታ፣ በመተግበሪያው ብቻ እየተመራች አዳራሻችሁ ድረስ እንድትመጣ ጠየቃችኋት። እንግዶቹ በትልቅ ስክሪን ጉዞዋን በካርታ ላይ እንደ ነጥብ ሆና እንዲያዩ ታስቦ ነበር አሉ። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ሰውን ነጥብ አድርጎ ማየት ለእናንተ አዲስ አልነበረም።

ያን ዕለት ከጋራዣችሁ ጀርባ ያለው መንገድ ተቆፍሮ ስለነበር መስመር አሥራ ሰባት አቅጣጫ ቀይሯል። ማስታወቂያ አላወጣችሁም አልልም፤ አውጥታችኋል። በቀይ ፊደል፣ በትልቁ፣ እዚያው መተግበሪያው ላይ፣ በሥዕል መልክ። ዓይን ያለው ሁሉ አነበበው። የእህቴ ስልክ ግን እዚያ ማስታወቂያ ላይ ሲደርስ «ምስል» ብሎ አለፈ። አንድ ቃል፤ «ምስል»። አውቶቡሱ ቁፋሮውን ዳር ዳሩን እየታከከ በአዲሱ መንገድ ሲሄድ መተግበሪያው በአሮጌው መንገድ ፌርማታ እየቆጠረ «ሁለት ቀርቷል፣ አንድ ቀርቷል፣ ደርሰዋል» አላት። እሷም አመነችው። ሾፌሩ በሩን እንዲከፍትላት ጠየቀችው፤ የምታውቅ መስሎት ከፈተላት። ወረደች፤ አውቶቡሱ ሄደ።

ዝናብ እየወረደ ነበር። ሁለት እርምጃ ተራመደች። በሦስተኛው በትሯ መሬት አጣ። ወደ ኋላ ስትወረወር በግራ እጇ ላይ ወደቀች፤ አንጓዋ ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰማኝ ብላኛለች። በትሯ ተንሸራቶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ስልኳ በቀኝ እጇ ነበርና እርዳታ መጥሪያው ይሆናል ያለችውን አዝራር ነካች። «አገልግሎታችንን ስንት ኮከብ ይሰጡታል?» አላት።

ከዚያ ለእኔ ደወለች። ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ልብስ እያጠብሁ ነበር።

«እትዬ» አለች። የአሥራ ስድስት ዓመት ድምፅዋ ነበር። «የት እንዳለሁ አላውቅም። ፊት ለፊቴ ጉድጓድ ነው። በትሬም የለም።»

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ለማንም ያልተናገርሁትን ልናገር። ከድንጋጤው በፊት፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ደስ አለኝ። ለመተግበሪያችሁ ሳይሆን ለእኔ ደወለች ብዬ። እህቴ ጉድጓድ አፍ ላይ በዝናብ ተቀምጣ እኔ አሸነፍሁ አልሁ። ቅናት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ከዚህ በላይ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ። ከዚያ በኋላ ነው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያጣበቅሁት።

«አትንቀሳቀሺ። እዚያው ተቀመጪ» አልኋት። «ምን ይሰማሻል?»

«ዝናብ።»

«ዝናቡ ለእኔም ይሰማል። ሌላስ?»

«ከግራ የሚቆፍር መኪና አለ። ከማዶ መጋዝ ይጮሃል። የተላገ እንጨት ይሸተኛል፣ እትዬ።»

የተላገ እንጨት! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዎች እየደወሉ «ፌርማታው ላይ ሰጋቱራ ዓይናችን ውስጥ ገባ» የሚሉኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከጋራዡ ጀርባ ያሉት ጣውላ ቤቶች።

«አወቅሁሽ» አልኋት። «ጣውላ ቤቶቹ ጋ ነሽ። ሰዎች አሉ፤ ሃያ እርምጃ አይርቁሽም። ግን መጋዙ እየጮኸ አይሰሙሽም። ጣውላ ሲቀይሩ ያርፋል፤ ያን ጊዜ እንጮሃለን።»

«እንጮሃለን?»

«አንቺ ትጮሂያለሽ፤ እኔ ‹አሁን› እልሻለሁ።»

ጠበቅን። እሷ በዝናብ፣ እኔ በሳሙና እጄ፣ ሁለታችንም አንድ መጋዝ እያዳመጥን። መጀመሪያ ሲያርፍ የጭነት መኪና አልፎ ሸፈነብን። በስልኩ ውስጥ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። እንደገና ጮኸ፤ መቼም የዚያን ጣውላ ያህል ረጅም ጣውላ በዓለም ላይ ተሰንጥቆ አያውቅም። በሁለተኛው ሲያርፍ «አሁን!» አልሁ። ጮኸች። እኔም ቤቴ ውስጥ ሆኜ ጮኽሁ፤ ልብስ ሰፊው ሌባ የገባ መስሏቸው መቀስ ይዘው ደረሱ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ የሩጫ ድምፅና አንድ ወፍራም ድምፅ ሰማሁ፤ «እህቴ፣ እንዳትነቃነቂ! እንዳለሽ ሁኚ!» ይላል። ሁለት አናጺዎች ናቸው። የሚሰነጥቁትን ጣውላ በጉድጓዱ ላይ ዘርግተው ተሻገሩላት። አንደኛው ጭቃው ውስጥ ወርዶ በትሯን አወጣላት፤ በሸሚዙ ጠርጎ ነው የሰጣት። አናጺዎቹ መተግበሪያ የላቸውም። የኮከብ ጥያቄም አላነሱባትም።

በዚያው ሰዓት አዳራሻችሁ ውስጥ ነጥቧ ስክሪኑ ላይ ቆማ ስትቀር፣ የመድረክ መሪው «የኔትወርክ ችግር ነው» ብሎ እንግዶቹን ወደ መስተንግዶው ጋበዛቸው ሲሉ ሰማሁ። ስለ መስተንግዶው ጥራት ብዙ ሰው አመስግኗል።

አምስተኛ፦ የመጨረሻው ቅሬታዬ ከሁሉም ይከብደኛል። በክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ክንዷ በጄሶ ተጠቅልሎ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለች ነው የነገረችኝ። በስምንቱም ስብሰባ አርባ አንዱን አዝራሮች አንድ በአንድ እየጠራች ስም እንዲሰጣቸው ጠይቃለች። ቃለ ጉባኤው ስምንቱንም ጊዜ «አማካሪዋ ጠቃሚ አስተያየት ሰጥተዋል» ብሎ አልፎታል። አንድ ባለሙያችሁም «ስም ከጨመርንበት የስክሪኑ ውበት ይበላሻል» ብሏታል። ይህ ስም እኮ ለአንባቢው ድምፅ ተብሎ ከውስጥ የሚጻፍ፣ ለጆሮ የሚነገርና በዓይን የማይታይ ነው። የማይታይ ነገር ያበላሸውን ውበት ያየ ባለሙያ ስላላችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ።

ይህን ሰምቼ «አበባ ማስቀመጫ» ያልኋትን ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ‹ሌላ የምታውቂው ሰው አለ ወይ? ቦታው ግን አንድ ብቻ ነው› ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የለም አልኋቸው።»

«ምን አልሻቸው?»

«የለም። አንቺ እንዳለሽ እያወቅሁ።» ጄሶው ወንበሩን ሲነካ ሰማሁት። «ዕድሜ ልኬን ካንቺ ኋላ ነው የሄድሁት። ግድግዳውን አዳምጪ ስትዪኝ አንቺ ቀድመሽ ሰምተሽዋል። የትም ስደርስ አንቺ ደርሰሽ ተመልሰሻል። አንድ ቦታ እንኳ ቀድሜሽ ልግባ ብዬ ነው።»

በጥፊ ልላት ይሁን ላቅፋት አላውቅም ነበር፤ እጄ ግን ሄዶ ያልተሰበረውን እጇን ያዘ። እኔ በእሷ ስቃጠል እሷ በእኔ ስትቃጠል ኖራለች። «እኔም ለቦታው አመልክቼ ነበር» አልኋት። «አሥራ አራት ገጽ።» «ምን አሉሽ?» አለች። «ባዶ ነው አሉኝ» አልኋት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ግን ሳቋ ፈነዳ፤ ክንዷን እያመማት፣ እያቃሰተች ሳቀች፤ እኔም አብሬያት። ነርሷ መጥታ «እባካችሁ በሽተኛ አለ» ብትለን፣ «አዎ፣ ሁለት ነን» አልኋት።

ክቡርነትዎ፣ ቅሬታዬ እንግዲህ ይኸውና። እህቴን ስለመረጣችኋት አይደለም። በዚህች ከተማ በእናንተ አውቶቡስ የሚሄድ ዓይነ ስውር ስንት እንደሆነ እኔ ስልክ ላይ ሆኜ አውቃለሁ፤ ለዚያ ሁሉ ሰው አንዲት ወንበር አስቀመጣችሁ። አንዷን ወንበር ስታስቀምጡ የሚቀመጥባትን አልመረጣችሁም፤ የሚጣላባትን ነው የመረጣችሁት። ለዚያውም ወንበሯ እግር አልነበራትም።

ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ደግሞ ልንገርዎ። እህቴ ባጇን በፖስታ መለሰችላችሁ። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለን ለአርባ አንዱም አዝራሮች ስም አወጣንላቸው፤ «ፌርማታ ፈልግ»፣ «ተመለስ»፣ «እርዳታ ጥራ»፣ እንደ ልጅ ስም እየተከራከርን። የቀሩትንም ጻፍን፦ ማስታወቂያ በጽሑፍ ይሁን እንጂ በሥዕል አይሁን፤ ጊዜ አትገድቡብን፤ ፊደሉ ይድመቅ፤ መዝሙሩ ዝም ይበል፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ከመውጣቱ አስቀድሞ ለብዙዎቻችን ስጡንና እንሞክረው። ባዶ እንዳይመስላችሁ በጥቁር ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል አሳትመን ላክንላችሁ። ለእህቴ የአበባ እቅፍና የይቅርታ ካርድ ላካችሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በዘጠነኛው ማሻሻያም ጥያቄያችን ተመለሰ። ዛሬ አርባ አንዱም አዝራሮች ስም አላቸው። አንባቢው በግልጽ ይጠራቸዋል፤ «አዝራር አንድ»፣ «አዝራር ሁለት»፣ እስከ «አዝራር አርባ አንድ»።

ስለዚህ እኛ ሥራ ጀምረናል። ቤቴ መደበኛ ስልክ አለ። ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እህቴ እናነሳዋለን። ዱሮ የሚያውቁኝ ሾፌሮች መንገድ ሲዘጋ ራሳቸው ደውለው ይነግሩናል። በቀን እስከ ስልሳ ሰው ይደውላል፤ ከግማሽ በላዩ ዓይኑ ደህና ነው። ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ ግን አልዋሽም። ትናንት አንድ ሰውዬ አምስት መስመር ከነፌርማታው አስተካክዬ ከነገርሁት በኋላ፣ «የከሰዓቷ ልጅ ነበር የፈለግሁት፤ እሷ ስትናገር ይገባኛል» አለኝ። ለእህቴ መልእክቱን አላደረስሁላትም። ቢሮክራሲ ከእናንተ ነው የተማርሁት።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ይህን ደብዳቤ በብሬይልም በቀለምም ያዘጋጀሁት ኮሚቴዎ ምርጫ እንዲኖረው ብዬ መሆኑን እገልጻለሁ። ታዛዥዎ ነኝ እንዳልል፣ ትእዛዝዎ በሥዕል መልክ የሚወጣ ከሆነ አይደርሰኝም፤ ስለዚህ የማያቋርጥ ጤና፣ ረጅም ሥልጣንና አጭር ስብሰባ እየተመኘሁልዎ፣

በፍጹም አክብሮትና በመጠኑ በተሻለው ቅናቴ፣

የጠዋቷ ኦፕሬተር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ አንዲት እናት ደወሉልን። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረዳቸው ነው። ልጃቸው አዲስ ስልክ ገዝቶ፣ መተግበሪያችሁን ጭኖ ሰጥቷቸው ሄዷል፤ እሳቸው ግን ነጭ ነገር ብቻ እንደሚታያቸው ነገሩኝ። «ልጅዎን ለምን አይጠይቁትም?» አልኋቸው። «አይ ልጄ፣ እሱማ ትልቅ ሰው ነው፤ ይሄን ነገር ያሠራው እሱ ነው፤ ቅር እንዳይለው ብዬ ነው እናንተን የማስቸግረው» አሉ። በመስመር ሠላሳ ሁለት መጥተው ስድስተኛው ፌርማታ ላይ ከወረዱ በስተቀኝ ያለው ረጅሙ ሕንፃ የእርስዎ እንደሆነ፣ ቢሮዎም ሰባተኛ ፎቅ እንደሆነ ነገርኋቸው። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት «ለማንም እንዳትነግሪ፣ አደራ» ብለውኛል። አደራቸውን ጠብቄያለሁ፤ ከዚህ ግልጽ ደብዳቤ በስተቀር የትም አልተናገርሁም።